ፕሮቲኑ 20 በመቶ ሆኖ ኮብ ለምን አይወፍርም?

ጥያቄ፦ «ሞጆ አካባቢ 400 ኮብ 500 የሥጋ ዶሮ አለኝ። እስከ 14 ቀናቸው የፋብሪካ ስታርተር (የጫጩት መኖ) ሰጠኋቸው፣ ከዚያ ወጪ ለመቀነስ ብዬ መኖውን ራሴ መቀላቀል ጀመርኩ። ለ100 ኪሎ በቆሎ 48፣ የኑግ ፋጉሎ 34፣ ቤት የተቆላ አኩሪ አተር 12፣ ፉርሽካ 3፣ ቀሪው 3 ኪሎ ኖራ፣ ዲሲፒ (ካልሲየምና ፎስፈረስ የሚሰጥ ዱቄት)፣ ጨውና ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) ነው። ላብራቶሪ አስመርምሬ ፕሮቲኑ 19.6 በመቶ ነው አሉኝ። አሁን 35 ቀናቸው ነው፣ አማካይ ክብደታቸው ግን 1.1 ኪሎ ብቻ። ላባቸው ሳስቷል፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፣ ጉዝጓዙ ሁሌ እርጥብ ነው፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ፕሮቲኑን ወደ 23 ላሳድገው? መድኃኒት ቤት ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚበጠበጥ አሚኖ አሲድ አለ አሉኝ፣ ይረዳል? ለፋሲካ ነው ልሸጣቸው ያሰብኩት።»

ምላሽ፦

አይ እህቴ፣ አትጨምሪ። ፕሮቲኑን 23 ብታደርሺው ጉዝጓዙ ይብስበታል፣ ዶሮዎቹ ግን ያሰብሽውን ያህል አያድጉም። የጎደለሽ ፕሮቲን አይደለም፣ ላይሲን የሚባለው አንዱ የፕሮቲን ክፍል ነው። ከሱ ቀጥሎ ሜታዮኒን አለ፣ ጉልበት የሚሰጠው ክፍልም ሳስቷል። ይህን ለማወቅ ዶሮዎቹን ማየት አላስፈለገኝም፣ የላክሽው ቅልቅል ራሱ ይናገራል። ትንሽ ቆይተን አብረን እንደምረዋለን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። ጫጩቶቹ በእርግጥ ኮብ ናቸው? ገበያ ላይ የሥጋ ዶሮ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኮብ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚያድገው ሳሶ የሚባለው ዝርያ ቢሆኑ ኖሮ በ35 ቀን 1.1 ኪሎ ምንም አይልም ብዬሽ እዚሁ በጨረስን። ኮብ 500 ከሆኑ ግን አምራቹ በ35 ቀን የሚጠብቀው 2.2 ኪሎ አካባቢ ነው። ያ ቁጥር በጥሩ ፔሌት (ተጨምቆ ቅንጣት በሆነ) መኖ፣ ሙቀቱና አየሩ በተስተካከለ ቤት የሚገኝ ነው። በዱቄት መኖና በእኛ ዓይነት ቤት 1.6 ወይም 1.7 ቢደርሱ እኔ ቅር አይለኝም። 1.1 ግን የአምራቹ ቁጥር ግማሽ ነው። በሽታ ወይም ብርድ ብቻውን እንዲህ ማድረጉን እጠራጠራለሁ፣ ያውም ሞት በዛብኝ ሳትይ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዶሮ ፕሮቲን የሚባል ነገር አትፈልግም። የምትፈልገው ፕሮቲን ሲፈጭ የሚወጡትን አሚኖ አሲዶች ነው። ሃያ ገደማ ናቸው። ግማሹን ያህል ሰውነቷ ራሱ ይሠራቸዋል፣ ቀሪዎቹን ከመኖ ካላገኘች አበቃ። ከነዚህ ውስጥ በየቀኑ እኛን የሚያስጨንቁን ጥቂት ናቸው፤ ላይሲን፣ ሜታዮኒን ከጓደኛው ከሲስቲን ጋር፣ ትሪዮኒን፣ አልፎ አልፎ ቫሊንና አርጂኒን።

ላብራቶሪው የለካልሽ ግን አሚኖ አሲድ አይደለም። የለካው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅኑን በ6.25 ያባዛና «ፕሮቲን» ብሎ ይጽፍልሻል። ለዚህ ነው ዩሪያ ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ፋጉሎ እንኳ ወረቀት ላይ አንደኛ የሚወጣው። ከረጢት ላይ «ፕሮቲን 20%» ብቻ ጽፈው ላይሲንና ሜታዮኒኑን የማይጽፉ መኖ አቀናባሪዎች በጣም ያናድዱኛል፣ ምክንያቱም ገዢው የከፈለበትን ነገር ማወቅ አይችልም። በተለይ ለሥጋ ዶሮ።

ሥጋ ሲገነባ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በልኩ ያስፈልጋል። አንዱ ካነሰ ግንባታው እዚያው ይቆማል፣ የሌሎቹ መብዛት አይተካውም። ፌሮ ብረት ያለቀበት ሕንፃ ላይ ሃምሳ ኩንታል ሲሚንቶ ብትጨምሪ አንድ ፎቅ አይወጣም፣ ሲሚንቶው ግን ቦታ ይይዛል። የተረፉት አሚኖ አሲዶችም እንዲሁ ዝም ብለው አይቀመጡም። ዶሮዋ ታፈርሳቸዋለች፣ ናይትሮጅኑን ዩሪክ አሲድ አድርጋ ታወጣዋለች፣ ለዚህም ጉልበት ታወጣለች፣ ውሃም አብዝታ ትጠጣለች። እርጥብ ጉዝጓዝሽ ከዚህ ይጀምራል። ባክቴሪያ ያንን ዩሪክ አሲድ ወደ አሞኒያ ሲቀይረው ደግሞ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ይመጣል።

እሺ፣ አሁን እንደምር። በ100 ኪሎ መኖሽ ውስጥ ስንት ግራም ላይሲን አለ? በቆሎ ላይ ያለው ላይሲን 0.25 በመቶ አካባቢ ነው፣ 48 ኪሎው 120 ግራም ይሰጥሻል። የኑግ ፋጉሎ 1.2 በመቶ ገደማ አለው፣ 34 ኪሎው 408 ግራም። የተቆላ ሙሉ አኩሪ አተር 2.3 በመቶ፣ 12 ኪሎው 276 ግራም። ፉርሽካው 18 ግራም ቢያመጣ ነው። ድምሩ 822 ግራም፣ ማለትም 0.82 በመቶ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሰንጠረዥ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ላለ የሥጋ ዶሮ 20 በመቶ ፕሮቲንና 1.00 በመቶ ላይሲን ይላል። ተመልከቺ፣ ፕሮቲኑን አግኝተሻል ማለት ይቻላል። ላይሲኑ ግን 18 በመቶ ጎድሏል። ያ ሰንጠረዥ ደግሞ የድሮ ዶሮ ሰንጠረዥ ነው። የዛሬዎቹ ዝርያዎች በፍጥነት ስለሚያድጉ ፍላጎታቸው ጨምሯል። ሮስ 308 የተባለው ሌላው የሥጋ ዶሮ ዝርያ አምራቾች ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት 1.28፣ ከ11 እስከ 24 ቀን 1.15፣ ከዚያ በኋላ 1.03 በመቶ ሲሉ ቆይተዋል፣ በቅርቡ ደግሞ ከዚህም ከፍ አድርገውታል። ኮብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እነዚህ ቁጥሮች ደግሞ አጠቃላይ ላይሲን አይደሉም፣ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ደም የሚገባውን ብቻ የሚቆጥሩ ናቸው። ያንቺ 0.82 አጠቃላዩ ነው። ኑግ በመጭመቂያ ሲያልፍ በጣም ይግላል፣ ሙቀቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ላይሲንን ነው። ስለዚህ በትክክል የሚፈጨው ከ0.7 ብዙም የሚያልፍ አይመስለኝም። ዶሮዎቹ ከሚፈልጉት ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው የሚያገኙት ማለት ነው።

ሜታዮኒንስ? ሜታዮኒንና ሲስቲን አንድ ላይ ይቆጠራሉ፣ ምክንያቱም ዶሮዋ ሜታዮኒኑን ወደ ሲስቲን መቀየር ትችላለች፣ ሲስቲኑን ወደ ሜታዮኒን ግን አትችልም። ያንቺ ድምር 0.72 በመቶ አካባቢ ይመጣል። የ1994ቱ ሰንጠረዥም ልክ 0.72 ነው የሚለው፣ ስለዚህ በድሮው ልክ አላነሰም። በዛሬው ልክ ግን ያንሳል፣ ላባቸው የሳሳውም አንድም በዚህ ነው፣ ላባ አብዛኛው የተሠራው ሲስቲን ከሚበዛበት ፕሮቲን ነውና።

እዚህ ላይ አገራችን ውስጥ በብዛት የማየውን ስህተት ልንገርሽ። ሁሉም ሰው ሮጦ የሚገዛው ሜታዮኒን ነው። ለምን? ምክንያቱም የምናነበው ነገር ሁሉ የተጻፈው መኖው በቆሎና የአኩሪ አተር ፋጉሎ ለሆነበት አገር ነው። በዚያ ቅልቅል መጀመሪያ የሚጎድለው በእርግጥም ሜታዮኒን ነው። በኑግ ላይ የቆመ መኖ ግን ሌላ ነው። ኑግ ሜታዮኒኑ ደህና ነው፣ ላይሲኑ ግን ደካማ ነው። ከኑግ 1 ኪሎ ፕሮቲን ስታገኚ 37 ግራም ያህል ላይሲን ይመጣልሻል፤ ከአኩሪ አተር 62 ያህል። በቆሎውም ላይሲኑ ትንሽ ስለሆነ አያግዘውም። ሰሊጥና ሱፍ ፋጉሎም በዚህ ከኑግ ጋር አንድ ወገን ናቸው። ስለዚህ በኑግ መኖ ላይ ሜታዮኒን ብቻ ጨምረሽ «ለውጥ የለውም» ብትዪ አልገረምም፣ መጀመሪያ የጎደለው እሱ አይደለማ።

አሁን ያሰብሽውን እንሞክረው። ፕሮቲኑን 23 ለማድረስ 14 ኪሎ በቆሎ ቀንሰሽ 14 ኪሎ ኑግ ጨመርሽ እንበል። ፕሮቲኑ 23 ይሆናል፣ ተሳክቷል። ላይሲኑ? 0.95። አሁንም የድሮውን 1.00 እንኳ አልደረሰም! ከመኖው ግማሽ ያህሉ ግን ኑግ ሆነ። የኑግ ፋጉሎ ከመቶ 20 ያህሉ ጭረት (ፋይበር) ነው። አሁን ባለው ቅልቅልሽ እንኳ የጭረቱ መጠን 9 በመቶ ይጠጋል፣ ለሥጋ ዶሮ ከ5 ባያልፍ ይመረጣል። ጭረት ሲበዛ ጉልበት ይቀንሳል፣ ሆድ ይሞላል፣ ኩስ ይበዛል። ያንቺ መኖ በኪሎ 2,800 ኪሎ ካሎሪ እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም፣ ለዚህ ዕድሜ ወደ 3,100 ነው የሚፈለገው።

አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ የሆነውም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። መኖው በጣም ሲሳሳ ጉልበተኛዎቹ መመገቢያው ላይ ቆመው አብዝተው በመብላት ጉድለቱን ያካክሳሉ፣ ደካሞቹ ያንን አያገኙም። ዱቄት መኖ ሲሆን ደግሞ የበቆሎውን ቅንጣት እየለቀሙ ሌላውን ይተዋሉ። አንዷን ትልቅ ዶሮ አርደሽ እያት። ደረቷ ቀጭን ሆኖ ሆዷ አካባቢ ስብ ካየሽ ላይሲን ማነሱን በዓይንሽ አየሽው ማለት ነው። ደረት ከሌላው ብልት ሁሉ በላይ ላይሲን ይፈልጋል።

ስለ አኩሪ አተሩ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም «ቤት የተቆላ» የሚለው ቃል ያሳስበኛል። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ትሪፕሲን የተባለውን ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም የሚያግድ ነገር አለ። በደንብ ካልተቆላ የዶሮዋ ቆሽት ኢንዛይሙን ለማካካስ አብዝቶ ይሠራል፣ ያብጣልም፣ ያ ኢንዛይም ደግሞ ራሱ ሜታዮኒንና ሲስቲን ይበላል። ስለዚህ ያልበሰለ አኩሪ አተር ሁለት ጊዜ ነው የሚያከስርሽ። በጣም ቡና መሳይ እስኪሆን ከተቆላ ደግሞ ላይሲኑ ይቃጠላል። ፕሮቲኑ ላብራቶሪ ላይ እንዳለ ይታያል፣ ዶሮዋ ግን አትጠቀምበትም። ምጣድ ላይ ሲቆላ ችግሩ አንዱ ፍሬ ሲያር ሌላው ጥሬ መሆኑ ነው።

ለጥሬነቱ ቤት የሚሠራ ቀላል ፈተና አለ። ትንሽ የተፈጨ አኩሪ አተር ክዳን ባለው ብርጭቆ ጨምሪ፣ ጥቂት ዩሪያ ማዳበሪያና ለብ ያለ ውሃ አድርጊበት፣ ክደኚውና ሃያ ደቂቃ ያህል ተዪው። ስትከፍቺው የአሞኒያ ሽታ ፊትሽን ከመታሽ አልበሰለም። ብርጭቆውን ከዚያ በኋላ ለሰው አትጠቀሚበት፣ የፈተንሽበትንም ለዶሮ አትስጪ። ይህ ፈተና ያላግባብ መቃጠሉን ግን አይነግርሽም፣ እሱን በቀለሙ ነው የምታውቂው፤ ወርቃማ ሆኖ የለውዝ ሽታ ካለው ጥሩ ነው።

ከቻልሽ ግን ለጊዜው መቁላቱን ተዪውና የአኩሪ አተር ፋጉሎ ከዘይት መጭመቂያ ግዢ። አሁን ላሉት ዶሮዎችሽ እኔ ብሆን ለ100 ኪሎ እንዲህ አደርጋለሁ፦ በቆሎ 57፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 25፣ የኑግ ፋጉሎ 12፣ የምግብ ዘይት 2፣ ዲሲፒ 1.5፣ ኖራ 1፣ ጨው 0.3፣ የሥጋ ዶሮ ፕሪሚክስ ግማሽ ኪሎ፣ ላይሲን 300 ግራም፣ ሜታዮኒን 250 ግራም፣ ትሪዮኒን ከተገኘ 100 ግራም። ፉርሽካውን አውጥቼዋለሁ፣ ለእንቁላል ዶሮ ይሁን። ፕሪሚክሱ በከረጢቱ ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈበት ያንን ተከተዪ። ሜታዮኒን ቀድሞ የገባበት ፕሪሚክስም አለ፣ አንብቢው፣ ካለበት የሱን ያህል ቀንሺ።

ውጤቱን እየው። ፕሮቲኑ 19 በመቶ ነው፣ ካንቺው ያነሰ! ላይሲኑ ግን 1.17፣ ከዚያ ውስጥ የሚፈጨው 1.06 አካባቢ። ሜታዮኒንና ሲስቲን አንድ ላይ 0.89። ጉልበቱ 2,900 እና ከዚያ በላይ። ጭረቱ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ከፕሮቲን ቀንሰሽ ነው ሥጋ የምታገኚው። ጉዝጓዙም ይደርቃል፣ ወዲያው ባይሆንም፤ አሁን ያለውን እርጥቡን አውጥተሽ ደረቅ ሰጋቱራ ብታለብሺው ይሻላል።

1.15 እያልኩ ለምን 1.06 ሠራሁልሽ? አንደኛ፣ ዶሮዎችሽ 25 ቀን አልፏቸዋል፣ የነሱ ልክ 1.03 ነው። ሁለተኛ፣ አሚኖ አሲድ ከጉልበቱ ጋር ነው መመጣጠን ያለበት። መኖው 2,950 ኪሎ ካሎሪ ላይ ቆሞ ላይሲኑን ለ3,200 መኖ በተጻፈው ልክ መጫን ገንዘብ መድፋት ነው። ሌሎቹን በሙሉ ደግሞ በላይሲን ነው የምለካቸው። ላይሲኑን 100 ብትዪው ሜታዮኒንና ሲስቲን 75 አካባቢ፣ ትሪዮኒን 67፣ ቫሊን 75፣ አርጂኒን 105 ገደማ፣ ትሪፕቶፋን 16 ይሆናሉ። ዕድሜው ሲቀየር የላይሲኑ ቁጥር ይቀየራል፣ ንጽጽሩ ግን ብዙ አይነቃነቅም። ይህን አንዴ ከያዝሽ በማንኛውም ዕድሜ መሥራት ትችያለሽ።

የሚሸጠው ላይሲን ዱቄት ሁሉም ላይሲን እንዳይመስልሽ። ከሃይድሮክሎራይድ ጋር ስለሆነ ከመቶ 78 ያህሉ ነው ላይሲን። 300 ግራሙ 234 ግራም ይሰጥሻል፣ ሒሳቡን የሠራሁት በዚህ ነው። የሜታዮኒን ዱቄት 99 በመቶ ንጹሕ ነው። በፈሳሽ የሚመጣው የሜታዮኒን ዓይነት ደግሞ 88 በመቶ ነውና እሱን ካገኘሽ መጠኑ ከፍ ይላል።

«ውድ ነው» እንደምትዪ አውቃለሁ። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ቁጥር አልጠራልሽም፣ ማወዳደሪያውን ግን ልስጥሽ። 1 ኪሎ የላይሲን ዱቄት ውስጥ ያለውን ላይሲን ከኑግ ፋጉሎ ለማግኘት 65 ኪሎ ኑግ ያስፈልግሻል። ከአኩሪ አተር ፋጉሎ ደግሞ 30 ኪሎ። ገበያ ስትወጪ የ1 ኪሎ ላይሲኑን ዋጋ ከ30 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ዋጋ ጋር አስተያዪው። እርግጥ አኩሪ አተሩ ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል፣ ቢሆንም ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

አቀላቀሉ ላይ ብዙ ሰው ይበላሽበታል። 300 ግራም ዱቄት በ100 ኪሎ ክምር ላይ በትነሽ በአካፋ ብታገላብጪው አንዱ ዶሮ ከልክ በላይ ያገኛል፣ ሌላው ምንም። ላይሲን፣ ሜታዮኒን፣ ትሪዮኒን፣ ፕሪሚክስና ጨው በአንድ ላይ ከ2 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ ጋር በባልዲ ደህና አድርገሽ አዋህጂ። ያንን ከ10 ኪሎ ጋር። ከዚያ ነው ወደ ትልቁ ክምር የሚገባው። ዘይቱ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ቀድመሽ ካፈሰስሽው ዱቄቱ ይጓጉልና አይዋሃድም። ሚዛኑ ደግሞ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይሁን፣ በኩባያ የሚሰፈር ነገር አይደለም።

ወደ መድኃኒት ቤቱ ነገር። ውሃ ውስጥ የሚበጠበጠው ፓኬት መርዝ አይደለም፣ ዶሮ ሲታመም፣ ክትባት ሲሰጥ፣ ሙቀት ሲያስጨንቃት ለአንድ ሁለት ቀን ይሰጣል። መኖ ግን አይጠግንም። አስቢው፣ 400 ዶሮ እያንዳንዱ በቀን 110 ግራም ቢበላ 44 ኪሎ ነው። በኔ ቅልቅል ለዚያ 132 ግራም የላይሲን ዱቄትና 110 ግራም ሜታዮኒን በየቀኑ ይገባል። ፓኬቱን ገልብጪና ጀርባውን አንብቢ፣ ላይሲን ስንት ግራም፣ ሜታዮኒን ስንት ግራም ይላል? ብዙውን ጊዜ አብዛኛው ግሉኮስ ወይም ላክቶስ ሆኖ አሚኖ አሲዱ ጥቂት ግራም ነው። አሥራ ምናምን አሚኖ አሲድ ስሙ ተደርድሮ መታየቱ አያታልልሽ፣ ግራሙ ነው ቁም ነገሩ።

ኑግን እንዲህ ስተች ጥዪው ያልኩሽ እንዳይመስልሽ፣ 12 ኪሎ ያስቀረሁትም በምክንያት ነው። ኑግ በአርጂኒን ሀብታም ነው። ወፍ እንደ እኛ አርጂኒን መሥራት አትችልም፣ ከመኖ ነው የምታገኘው። የላይሲን ዱቄት ሲበዛ ደግሞ የአርጂኒን ፍላጎት ይጨምራል፣ ስለዚህ ኑግና የላይሲን ዱቄት ጥሩ ጥንድ ናቸው። ሌላም አለ። ሞጆ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ በፍጥነት የሚያድግ ዶሮ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ልቡ ይጫናል፣ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል። የሳንባ የደም ሥር እንዲላላ የሚያደርገው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው ከአርጂኒን ነው። በደጋ የሥጋ ዶሮ የሚያረባ ሰው አርጂኒኑን ቸል ሊል አይገባም፣ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ቦታ ደግሞ ጭራሽ። እንዲያውም በዚያ ከፍታ በፍጥነት ማሳደጉን ራሱ ትንሽ መያዝ ይሻላል፣ ግን ያ ሌላ ጥያቄ ነው።

ከኑግ የሚያስፈራኝ አፍላቶክሲን ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች መኖ ሲመረመር ከፍተኛ ብክለት ከተገኘባቸው አንዱ የኑግ ፋጉሎ ነው። ዶሮ ደግሞ ለዚህ መርዝ ከላም በላይ ስስ ናት፣ ጉበቷ ሲጎዳ ፕሮቲን መሥራት ይቀንሳል፣ በዚህ ጊዜ አሚኖ አሲዱ ሙሉ ቢሆን እንኳ ዕድገቱ ይጎተታል። የሻገተ፣ እርጥበት ያለው፣ የቆየ ፋጉሎ አትግዢ። ርካሽ ነው ቢሉሽም።

የበቆሎ ዘር የመምረጥ ዕድል ካለሽ ደግሞ በፕሮቲን ጥራቱ የተሻሻለ በቆሎ አለ፣ ቢጫው ቢ.ኤች.ኪው.ፒ.ዋይ 545 የሚባለው። ላይሲኑ ከተራው 0.25 ይልቅ ወደ 0.4 ይጠጋል። በ57 ኪሎ በቆሎ ስታሰላው ከ100 ግራም በላይ የላይሲን ዱቄት ያስቀርልሻል። ሜታዮኒኑን ግን አይተካም።

የሚቀጥለውን ዙር ስትጀምሪ አንድ ነገር ቀይሪ። ስታርተሩን እስከ 14 ቀን መስጠትሽ ጥሩ ነው፣ እሱን አትንኪው፣ ራስሽ ለመቀላቀልም አትሞክሪ። የላይሲን ፍላጎት ከፍተኛ የሚሆነው በነዚያ ቀናት ነው፣ በመኖ ብዛት ደግሞ ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ስለሆነ እዚያ ላይ የምታተርፊው ገንዘብ የለም። በ7 ቀናቸው ሃምሳ ያህሉን መዝኚ። ሲገቡ ከነበራቸው ክብደት አራት እጥፍ ካልደረሱ ችግሩ ከስታርተሩ፣ ከሙቀቱ ወይም ከጫጩቶቹ ነው፣ ያንቺ ቅልቅል ገና አልተነካም። ይህን ብትመዝኚ ኖሮ አሁን መልሱን ቆርጬ መናገር ይቀለኝ ነበር።

አሁን ያሉት 400ዎቹ የጎደለባቸውን ሁሉ አይመልሱም። ፍሬሙ ትንሽ ሆኖ ያደገ ዶሮ 2.8 ኪሎ እንዲሆን አትጠብቂ። ግን መኖውን ከቀየርሽ በሳምንት ውስጥ ልዩነቱን በሚዛን ታዪዋለሽ። አዲሱን መኖ በአንዴ አትቀይሪው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ከድሮው ጋር እያቀላቀልሽ አሸጋግሪያቸው።

ስለ ፋሲካው፤ ስንት ቀን እንደቀረው አልጻፍሽልኝም። በጾሙ ወቅት ገዢ ስለሚቀንስ ዶሮዎቹ ከ45 ቀን በላይ ሊቆዩብሽ ይችላል። 2 ኪሎ ካለፉ በኋላ ይሄንኑ መኖ መስጠት አባካኝነት ነው። የአኩሪ አተር ፋጉሎውን ወደ 19 አውርጂ፣ በቆሎውን 63 አድርሺ፣ ላይሲኑን ወደ 250 ግራም፣ ሜታዮኒኑን ወደ 200 ቀንሺ፣ ሌላውን አትንኪ። ለሁለት ቀን ከጠቅላላው በየ20ው አንዱን እየመዘንሽ ጭማሪውን ያዪ። በቀን የሚጨምሩት ሥጋ ዋጋ በቀን ከሚበሉት መኖ ዋጋ ካነሰ በዓሉን አትጠብቂ፣ የጾሙ ወቅት ለማይመለከተው ሆቴል ወይም ሱፐርማርኬት በኪሎ ስጪያቸውና ቤቱን አጽጂ።